አፈሳሰሱን ማን ይጠይቃል?

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ

አሉሚኒየም ይዞ ብረት ወደምንልጥበት ቶርኖ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ "ዕቃው ኦሪጅናል ነው?" ይለኛል። ቀልጦ ቅርጹ ውስጥ እንዴት እንደፈሰሰ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። እኔን ግን ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ዛሬ አንድ ሐጂ ለወፍጮ ቤታቸው ደሴ ያሠሩትን ፑሊ አመጡ። በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። ከላይ ሲያዩት ያምራል። አስሬ የመጀመሪያውን ዙር ስልጠው ግን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቅ ብቅ አሉ። ቺንጋው በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥም አሉ። "ልጄ፣ ምን ነካው?" አሉኝ።

"ሐጂ፣ እርጥበት ነው" አልኳቸው። የቀለጠ አሉሚኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይስባል። ፈሳሽ ሳለ ይሸከመዋል። ሲጠነክር ግን የመሸከም አቅሙ 20 እጥፍ ያህል ይወርዳል፤ መውጫ ያጣው ጋዝ እዚያው አረፋ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ክረምት የሚቀልጠው የአሮጌ ዕቃ ቁርጥራጭ ደጅ ዝናብ ሲመታው ነው የሚሰነብተው። አሸዋውም አይደርቅም። እርጥብ ቁርጥራጭ የቀለጠው ላይ ከተጣለ ደግሞ ይፈነዳል፣ ዓይን ያጠፋል። ማድረቅ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሌላው ፍጥነቱ ነው። አሸዋ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። አሉሚኒየሙ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቱ ይገዝፋል፣ ውስጡ የተቀየጠው ሲሊከንም እንደ መርፌ ረዝሞ ይበቅላል። የብረት ሞልድ (ማፍሰሻ ቅርጽ) ግን ሙቀቱን ወዲያው ይነጥቀዋል፣ ሁሉም ይደቃል። ቅይጡ ያው፣ እሳቱ ያው፤ በብረት ሞልድ የወጣው ግን ይበልጥ ይጠነክራል፣ ቶሎም አይሰበርም። ፒስተን በአብዛኛው በብረት ሞልድ የሚፈሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዕቃው ሲፋተግ መበላቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሲሊከን ከአሉሚኒየሙ እጅግ ይጠነክራል። ደቆ እኩል ከተበተነ ጭነቱን እሱ ይሸከማል። ረጅሙ ግን ይሰነጠቅና ይላቀቃል፤ ከዚያ በሚፋተጉት ሁለት ገጾች መሐል ገብቶ ሁለቱንም ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1921 አላዳር ፓች የተባለ ሰው በትንሽ ሶዲየም ሲሊከኑን ማድቀቅ እንደሚቻል ፓተንት አወጣበት። ዛሬ ለዚሁ ሥራ ስትሮንቲየም የሚጨምሩ ይበዛሉ። ይህ ሁሉ ግን ቅይጡ ሲሊከን ሲኖረው ነው። አሮጌ ድስትና ሽቦ አቅልጦ ፒስተን የመሰለ ጥንካሬ መጠበቅ ልፋት ነው። ለዚህ ነው ቁርጥራጩ በየዓይነቱ ይለይ የምለው።

በከፍተኛ ግፊት ሞልድ ውስጥ የሚወጋው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በፍጥነት ሲገባ አየር ይዞ ይገባል። ቆዳው ደቃቅና ጥብቅ ነው፤ ቀዳዳው ከሥር ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ቶርኖ ላይ ብዙ መላጥ ጥሩውን ክፍል መጣል ማለት ነው። ሁለት ሚሊሜትር አንሳልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ የምከራከረው ለዚህ ነው።

እኔን የሚያስቀናኝ ግን ፈሳሹ እስኪጠነክር ድረስ በፕሬስ ተጭኖ የሚቆየው ነው። ጋዙ አረፋ ለመሥራት ፋታ አያገኝም። ሲጠነክር የሚፈጠረውንም ክፍተት ግፊቱ ይሞላዋል። እኛ ሰፈር ሃይድሮሊክ ፕሬስ ያለው ጋራዥ አለ። ሞልዱ አስቀድሞ መሞቅና መድረቅ አለበት፣ ግፊቱም አሉሚኒየሙ ሳይጠነክር መድረስ አለበት። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግረናል፤ ክረምቱ እንደወጣ በትንሽ ቡሽ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) እንጀምራለን።