አሮን የሚሆነኝ ሰው

በምሠራበት የልብስ ስፌት ድርጅት መስማት የተሳናት አንዲት ወጣት አለች። ድርጅቱ ኮምቦልቻ ውስጥ የተማሪና የሠራተኛ ደንብ ልብስ የሚሰፋ ነው፤ እሷ የኮሌታ ሰፊ ናት። ከሸሚዝ ክፍሎች ሁሉ አስቸጋሪው ኮሌታ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልወጡ የሸሚዙ መልክ በሙሉ ይበላሻል። እኔ የጥራት ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ የማንን ሥራ ስንት ጊዜ እንደምመልስ አውቃለሁ። የእሷን የመለስኩበትን ቀን ማስታወስ ይቸግረኛል።

በግቢው ውስጥ የማይወዳት የለም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይገፋም። ሴቶቹ ቡና ሲያፈሉ የመጀመሪያውን ስኒ ለእሷ ያቀርባሉ፤ ደመወዝ የተከፈለ ቀን አንዳንዶቹ ጥቂት ብር ኪሷ ውስጥ ይከታሉ፤ ሐረጎን እየወረዱ ከደሴ የሚመላለሱትም በሰርቪሱ ላይ የመስኮቱን ወንበር ይለቁላታል። ይህን ደግነት በክፉ አላነሳውም። ይሁን እንጂ እሷ ራሷ አንድም ቃል የማትጨምርበት ደግነት ነበር። ስብሰባ ሲኖር ከኋላ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲያጨበጭብ ታጨበጭባለች፤ ለምን እንደተጨበጨበ የሚነግራት አልነበረም። ጠዋት ስም ሲጠራ ደግሞ አጠገቧ የምትቆመው ሴት በእሷ ፋንታ «አለች» ትልላታለች። ከልማድ ብዛት ማንም ልብ አይለውም።

የበር ጠባቂው ግን የተለዩ ሰው ነበሩ። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው፤ ሶላታቸውን የማያጓድሉ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ስለነበር በምሳ ሰዓት ሁለቱም አይበሉም፤ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እሳቸው እስከ መግሪብ። በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና በእጃቸው ያወራሉ። አባባ የምልክት ቋንቋ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም። ራሷን እየጠየቁ ነው የለቀሙት። ውሃ እንዴት ይባላል? ዝናብስ? ከሩቅ ሆኜ ልጠራሽ ብፈልግ ምን ላድርግ?

እሷም አሳየቻቸው። ቅርብ ከሆኑ ትከሻዬን ንኩ፤ ክፍል ውስጥ ከሆንኩ መብራቱን አጥፍተው ያብሩት፤ ወለሉ ጣውላ ከሆነ በእግርዎ ይምቱት፣ ድምፁ በእግሬ ይገባል።

በመጻጉዕ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በጨርቅ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን መጨስ ጀመረ። የአደጋ ደወሉ ተደወለ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዋናውን ቆጣሪ አጠፋ፤ ሰው ሁሉ ወደ ግቢው ወጣ። ሥርዓቱ በሚገባ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። የፈረቃው ኃላፊ የስም ዝርዝሩን አውጥቶ ጠራ። የእሷ ስም ሲደርስ «አለች» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ኃላፊውም ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

አልነበረችም። መጋዘኑ ጥግ ላይ፣ በክምር ጨርቅ መካከል፣ ለኮሌታው የሚስማማ ክር እየመረጠች ነበር። መብራቱ ሲጠፋ እንደተለመደው የሄደ መስሏት እስኪመጣ ትጠብቃለች። አባባ ከበሩ ላይ ሆነው የሰውን ፊት በዓይናቸው ሲቆጥሩ አጧት። ማንንም ሳያስፈቅዱ ገቡ። ጭሱ መተላለፊያውን ስለሞላው በየትኛው ክምር ጀርባ እንዳለች ማየት አልቻሉም፤ መብራት አጥፍቶ ማብራትም አይቻልም። ጥቅል ጨርቁ እርጥበት እንዳይነካው ጣውላ ላይ ነው የሚቀመጠው። አባባ ጣውላውን በእግራቸው ደጋግመው መቱት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ የእሳቸውን እጅ አንቃ ወጣች። እሳቱ በአሸዋና በማጥፊያ ወዲያው ጠፋ፤ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ከመለብለቡ በቀር ጉዳት አልደረሰም። አባባ እያሳሉ ለሚያለቅሱት ሴቶች «አብሽሩ፣ አብሽሩ» ይሏቸው ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። ይህ ሰው እውነተኛ አማኝ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ይወጣል፤ በመንገዱ ዳር ለተቀመጡት ነድያን ሁሉ ሳይሰጥ አያልፍም። ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል። «የሦስት ወር ደመወዝ እከፍላታለሁ፤ ሠራተኞቹም እያዋጡላት ነው። ቤቷ ትረፍ። አንድ ነገር ብትሆን በነፍሴ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። በጽሑፍ እንድነግራት ፈልጎ ነበር።

«ጋሼ፣ እሷስ ምን ትላለች?» አልኩት።

«ምን ትላለች፣ ደስ ይላታል እንጂ።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሁለታችንም የሰማነውን ወንጌል አነሳሁበት። መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የቆየ ሰው ነው። ጌታ ይህን እያወቀ መጀመሪያ የጠየቀው «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ነው። ለምን ይጠይቀዋል? ሰውየው በመልሱ የልቡን አወጣ፤ ውሃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም አለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሲያልፉ የነበሩት ሰዎች ይህን አልጠየቁትም ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «በል ጥራት» አለኝ።

ገባች። በቅድ ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ የድርጅቱን ሐሳብ ጻፍኩላትና እሷ የምትፈልገውን እንድትጽፍ እስክሪብቶውን ሰጠኋት። ትምህርቷን ደሴ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች፤ የእጅ ጽሑፏ ከእኔ ይሻላል።

«ሥራዬን እፈልጋለሁ» ብላ ጀመረች። «ደወሉ ሲደወል ብልጭ ብልጭ የሚል ቀይ መብራት ይደረግልኝ። ቆጣሪ ሲጠፋ እንዳይጠፋ በባትሪ ይሁን። መጋዘን ውስጥም አንድ ይኑር። ከኋላዬ የሚሆነውን እንዳይ ማሽኔ ፊት መስተዋት ይሰቀልልኝ። ስሜ ሲጠራ ሌላ ሰው አለች አይበልልኝ፤ እጄን አነሣለሁ። የሠራተኞቹን ገንዘብ መልሱላቸው።»

ሥራ አስኪያጁ አነበበና እስክሪብቶውን ከእኔ ተቀበለ። ይህን ሁሉ እንደሚያደርግ፣ ከዚያም በላይ ጠበል ሄዳ እንድትጠመቅ ሙሉ ወጪዋን እንደሚሸፍን ጻፈላት። ከልቡ ነበር። እሷም ከልቧ መለሰችለት።

«ጠበል ከልጅነቴ ጀምሮ እሄዳለሁ፤ እምነቴ ስለሆነ አሁንም እሄዳለሁ። ግን ሙሴ አፉ ኮልታፋ ነበር። እግዚአብሔር አሮንን ሰጠው እንጂ ምላሱን አልቀየረለትም፤ ሕዝቡንም በዚያው ምላሱ መራ። በወሩ ስብሰባ አሮን የሚሆነኝ ሰው አምጡልኝ።»

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ግን አንብቤው አላውቅም።

ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ የሥራውን ሁኔታ ለሠራተኛው እንዲያመቻች፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ያዝዛል። ለሥራ አስኪያጁ ይህንንም ነገርኩት፤ ምጽዋት አድርጎ እንዲያስበው አልፈለግኩም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መብራቶቹን ከደወሉ ጋር ለማገናኘት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የተቃጠለው ጨርቅ ዋጋ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

የዚያን ሰሞን ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ ሰባትን ደጋግሜ ሳነብ ከረምኩ። በዐሥር ከተማ አውራጃ ሰዎች መስማት የማይችልና አንደበቱ የተሳሰረ ሰው አምጥተው እጁን ይጭንበት ዘንድ ጌታን ለመኑት። እሱ ግን መጀመሪያ ከሕዝቡ ለይቶ ብቻውን ወሰደው። ቀጥሎ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይ ተመልክቶ ቃተተ። ቃል የተናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመቶ አለቃውን ብላቴና ከሩቅ ሆኖ በቃሉ ብቻ የፈወሰ ጌታ ለዚህ ሰው ይህን ሁሉ በእጁ መሥራቱ ለምንድነው? እኔ እንደሚገባኝ ሰውየው ቃሉን ሊሰማ አይችልም፤ ጣቱ ጆሮው ላይ ሲያርፍ ግን ምን ሊደረግለት እንደሆነ ያውቃል። ዓይኑን ወደ ሰማይ ሲያነሣ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ያያል። ገና ሳይሰማ፣ በሚገባው መንገድ አነጋገረው። ሕዝቡ መካከል ቢያደርገው ኖሮ ሰውየው መታያ ይሆን ነበር፤ ክብሩንም ጠበቀለት። ስብከቱ ሁልጊዜ በፈውሱ ላይ ስለሚያተኩር ይህን ክፍል እየዘለልን እናልፈዋለን። ለእኔ ግን የዚህ ወንጌል ርኅራኄ ከፈውሱ በፊት ባሉት በእነዚያ ጥቂት እንቅስቃሴዎች ውስጥ ነው ያለው። በዓይኔ ያየሁትም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «ልጠራሽ ብፈልግ ምን ላድርግ?» ብለው በጠየቁት ሙስሊም ሽማግሌ ነው። ይህን መመስከር ክርስትናዬን አያሳንሰውም።

አሁን ከሥራ በፊት ጥቂት ሴቶች ከእሷ ፊደል ይማራሉ። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ከሆሄያችን ጋር የሚሄድ ነው፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ሲያሳይ፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይለየዋል። በጣም ፈጥና የያዘችው በስም ጥሪ «አለች» ትል የነበረችው ሴት ናት።

በመጋቢት መጨረሻ በተደረገው የወሩ ስብሰባ የምልክት ቋንቋ የምታውቅ መምህርት ከደሴ መጣች። ሥራ አስኪያጁ ስለ እሳቱና ስለ አባባ ከተናገረ በኋላ ለወጣቷ ዕድል ሰጣት። ብዙዎቻችን ምስጋና ጠብቀን ነበር። እሷ ተነሥታ፣ ለአባባ በአጭሩ እጅ ነሥታ፣ በቀጥታ ወደ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ገባች። ለአስቸኳይ ትእዛዝ እሑድ የተሠራው ሥራ በአንድ ከግማሽ ተባዝቶ መከፈሉን፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሳምንት ዕረፍት ቀን ትርፍ ሰዓት በሁለት እንደሚባዛ አስረዳች። መምህርቷ እየተረጎመች ሳለ አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ፤ ጉዳዩ የሁሉም ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ መዝገቡን አምጥታ ደመረች፤ ስሌቱም እሷ እንዳለችው ሆነ። ልዩነቱ ያን እሑድ ለሠሩት ሁሉ ከሚያዝያ ደመወዝ ጋር ተከፈለ።