አቦል ከዳገት በፊት

ጅማ ውስጥ ካለው የሄርማታ ሰፈር ተነስቼ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት በሳምንት ሁለት ጊዜ እሮጣለሁ። እናቴ «አቦሉን ሳትቀምሺ የት ልትሄጂ ነው?» እያለች ስለምትይዘኝ ቡና ጠጥቼ መውጣቱን የለመድኩት ለእሷ ስል ነበር፤ ሆኖም አቦል በጠጣሁባቸው ቀናት የመጨረሻው አቀበት እንደሚቀለኝ ደጋግሜ ስላስተዋልኩ ምክንያቱን ለመረዳት ማንበብ ጀመርኩ።

ነቅተን በቆየንና በሠራን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል፤ በነርቭ ሕዋሳት ላይ ካሉት መቀበያዎቹ ጋር ሲጣበቅም ድካምና እንቅልፍ ይሰማናል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል፤ ይሁን እንጂ የድካሙን መልእክት አያስተላልፍም። አቀበቱ ያው አቀበት ነው፤ የሚቀንሰው ክብደቱ ለእኛ የሚሰማን መጠን ነው። እናቴ «ቡና ጉልበት ነው» ስትል በአክብሮት የማልስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዴቪድ ኮስቲልና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ 330 ሚሊ ግራም ካፌይን ያለው ቡና የጠጡ ብስክሌት ጋላቢዎች እስኪዝሉ ድረስ 90 ደቂቃ ያህል ሲቆዩ፣ ካፌይን የሌለው ቡና የጠጡ ጊዜ ግን የቆዩት 75 ደቂቃ ያህል ነበር። ያኔ ውጤቱ ሰውነት ስብን በብዛት ከማቃጠሉ ጋር ተያይዞ ነበር፤ ዛሬ ግን ይበልጥ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ የአዴኖሲኑ ነው።

በስፖርት ሳይንስ የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የሚወሰደውም ከሩጫው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ዝቅተኛው 180 ሚሊ ግራም ይሆናል። የጅማ ቡና አረቢካ ስለሆነ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማው ካፌይን ነው፤ ስለዚህ ይህ መጠን በ15 ግራም ቡና ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ከቶናና ከበረካ ይልቅ አቦልን የምመርጠው፣ ካፌይኑ በአብዛኛው በመጀመሪያው ውኃ ስለሚወጣ ነው።

የሚያሳስበኝ የማታው ቡና ነው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ማታ የተጠጣ ስኒ እውነተኛውን የድካም መድኃኒት፣ እንቅልፍን፣ ሊነሳን ይችላል። በረካ ሳይጠጡ መነሳት በእኛ ቤት ስለማይወደድ፣ አሁን ማታ አቦሉንና ቶናውን አሳልፌ ቆሎዬን እየበላሁ እቀመጣለሁ፤ ከበረካው ግን አንድ ጊዜ ፉት እላለሁ።