እጄ የሚያውቀውን ለመጻፍ

በቅርቡ የተቀላቀልኳቸው ጸሐፊዎች ራሴን እንዳስተዋውቅ ጠይቀውኛል። ሌሎቹ ገጣሚ፣ ጋዜጠኛ፣ ተርጓሚ፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ እያሉ ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሰውታል። የእኔ ሥራ ሸክላ ነው። አፈር አሻለሁ፣ በሚሽከረከረው ገበታ ላይ ቅርጽ አስይዘዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ በእቶን አቃጥለዋለሁ። ስኒ፣ ሳህን፣ ማሰሮ እሠራለሁ። አልፎ አልፎም ቆሞ ከመታየት በቀር ሌላ አገልግሎት የሌለው ቅርጽ እሠራለሁ፤ እሱንም ከስኒው አሳንሼ አላየውም። ታዲያ ሸክላ ሠሪ በጸሐፊዎች መካከል ምን ትሠራለች? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን አሳጥሬ ማለፍ አልፈለግሁም።

መጻፍ የምፈልገው እጄ የሚያውቀውን ነው። እጅ ብዙ ነገር ያውቃል። ጭቃው ዛሬ ከትናንት ይልቅ መጠንከሩን ዓይኔ ሳያየው መዳፌ ይነግረኛል። የሳህኑ ጠርዝ የት ላይ እንደሳሳ፣ የማሰሮው ሆድ ምን ያህል ቢገፋ እንደሚወድቅ፣ ገበታው ሲዞር ጭቃው መሐል ላይ መቀመጡን ወይም ገና እየተንገዋለለ መሆኑን ጣቶቼ ቀድመው ይደርሱበታል። ይህ እውቀት ግን አፍ የለውም። ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ የሚቀበለው እጅ ሲያጣ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

አስተማሪዬ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ዘንድ ስማር አጠገቤ ቆመው ወይ «ገና ነው» ወይ «አሁን» ይሉኛል፤ ከዚያ ያለፈ ንግግር አልነበራቸውም። ማረም ሲፈልጉ እጃቸውን በእጄ ላይ አድርገው ራሳቸው ይጫኑታል። የግፊቱ ልክ ከእሳቸው ጣት ወደ እኔ ጣት እንደዚያ ሆኖ ገባ። ዛሬ መገጣጠሚያቸውን ስለሚያማቸው ሥራ አቁመዋል። አንድ ቀን ላያቸው ሄጄ «እትዬ፣ ስኒው ጆሮ ለመቀበል መድረሱን በምን ያውቁ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አምጪውና ልያዘው፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ወሰድኩላቸው፤ በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ትንሽ ቆዩና «ገና ነው» አሉ። መጻፍ የጀመርኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

የስኒ ጆሮ እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ። አንድ ጫፉ ቀጠን ያለ ድቡልቡል ጭቃ ወፍራሙን ወገን በግራ እጄ ይዤ አንጠለጥለዋለሁ። ቀኝ እጄን ውሃ አጠጥቼ ጭቃውን በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል አስገብቼ ወደ ታች እስበዋለሁ። መጭመቅ የለም። ውሃው ጣቴን ያንሸራትተዋል፣ ጭቃው በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ እኔ መንገዱን ብቻ አሳየዋለሁ። በተሳበ ቁጥር ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ በመሐሉም አውራ ጣቴ ያለፈበት ስስ መስመር ይቀራል። ስኒውን የሚያነሣ ሰው አውራ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያው መስመር ላይ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጣት በአንድ ቦታ ይገናኛል ማለት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምወደው ነገር የለኝም።

ከዚያ ማያያዙ ይመጣል። ስኒው እርጥበቱ ቀንሶ፣ ግን ሳይደርቅ፣ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚቀበልበት፣ ሲያነሡት ደግሞ ቅርጹን የማይለቅበት ደረጃ ላይ መሆን አለበት። ጆሮውም እንዲሁ። ሁለቱም የሚገናኙበትን ቦታ በሹል ነገር እጭረዋለሁ፣ በውሃ የቀጠነ ጭቃ እቀባዋለሁ፣ አስጠግቼ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ እያንቀሳቀስኩ እጫነዋለሁ። መጀመሪያ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ድንገት አልንቀሳቀስ ይላል። ያቺ ቅጽበት ጣት ላይ በግልጽ ትሰማለች። ከዚያ በኋላ መግፋት ማላቀቅ ነው፤ ከዚያ በፊት መተው ደግሞ ነገ የሚወድቅ ጆሮ መሥራት ነው። ጭቃ ሲደርቅ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ስለሚወጣ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ዕቃውም ይኮማተራል። ስኒው ቀድሞ ደርቆ ጆሮው እርጥብ ከሆነ ስኒው መኮማተሩን ሲያቆም ጆሮው ገና ይቀጥላል፤ መገጣጠሚያው ላይ የሚታየው ስንጥቅ ከዚያ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ያያያዝኩትን በላስቲክ ሸፍኜ አሳድረዋለሁ። እርጥበቱ ከጆሮው ወደ ስኒው፣ ከስኒው ወደ ጆሮው እየተካፈለ አንድ ልክ ላይ ይደርሳል።

ከላይ ያሉትን ሁለት አንቀጾች ለመጻፍ የፈጀብኝ ጊዜ በርካታ ስኒዎችን ያሠራኝ ነበር። ግን ደስ ብሎኛል። አስተማሪዬ በ«አሁን» የሚያልፉትን ነገር ቢያንስ ጫፉን የያዝኩት ይመስለኛል።

ደግሞም ሸክላና ጽሑፍ ባዕድ አይደሉም። እስካሁን ከሚታወቁት ጥንታዊ ጽሑፎች መካከል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3300 ገደማ በሜሶጶጣሚያ፣ በኡሩክ ከተማ የተጻፉት የሰፈሩት በእርጥብ ጭቃ ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ በሸምበቆ ጭቃውን እየወጉና እየጫኑ የእህል፣ የከብትና የጠላ ሂሳብ ይመዘግቡ ነበር። እነዚያን ጽላቶች በፎቶግራፍ ሳይ ከጽሑፉ በፊት የማየው የጭቃውን እርጥበት ነው። የምልክቶቹ ጠርዝ ስል ነው፤ ጭቃው አልተንጠለጠለም፣ አልተፈረፈረምም። እነዚያ የሂሳብ ሠራተኞች ያለ ጥርጥር «ገና ነው»ን እና «አሁን»ን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በጣም እርጥብ ጭቃ ሸምበቆው ላይ ይለጠፋል፤ የደረቀ ደግሞ ምልክት አይቀበልም። ጽሑፍ ሲጀመር ጸሐፊውና ጭቃ የሚያሸው ሰው ቢያንስ አንድ እውቀት ይጋሩ ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ነነዌ ስትወድቅ የንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት አብሮ ተቃጠለ። የሌሎች ዘመናትን ቤተ መጻሕፍት እሳት አመድ አድርጓቸዋል፤ የነነዌን ግን ብዙውን ክፍል አጸናው። አብዛኞቹ ጽላቶች የደረቁት በአየር ብቻ ስለነበር ቃጠሎው እቶን ሆነላቸው። ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ከዚያ ቤተ መጻሕፍት የተገኙ ከ30 ሺህ በላይ ጽላቶችና ስብርባሪዎች አሉ። ሌላው ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ይደነቃል፤ ሸክላ ሠሪ ግን «ታዲያስ!» ትላለች።

ምክንያቱም እሳት ጭቃ ላይ የሚያደርገውን በየጊዜው አየዋለሁ። የደረቀ፣ ግን ያልተቃጠለ ስኒ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት በዝምታ ፈርሶ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። እንደገና ታሽቶ ሳህን ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እያለ ሲሄድ ግን በአፈሩ ውስጥ ተዋሕዶ የነበረው ውሃ ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። በ573 ዲግሪ ደግሞ በውስጡ ያሉት ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ቅንጣቶች ድንገት ይለጠጣሉ፤ ሲቀዘቅዝም እዚያው ነጥብ ላይ ድንገት ይሰበሰባሉ። ለዚህ ነው እዚያ አካባቢ እቶኔን የማላጣድፈው፣ በተለይ ሲቀዘቅዝ። ችኩል እጅ የእቶኑን በር ቀድሞ ሲከፍት ዕቃው ጥርት ባለ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል።

ወደ ጽሑፍ ስመጣ የከበደኝ እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍ አይደርቅም። ጭቃ ራሱ ጊዜውን ይነግረኛል፤ ዛሬ ካልጨረስሽኝ ነገ እጠነክርብሻለሁ ይላል፣ ቃሉንም ይጠብቃል። ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬም፣ ከሳምንት በኋላም፣ ከዓመት በኋላም ያው ልስልስ ነው። ቃል ብለውጥበት ይለወጣል፣ ብመልሰው ይመለሳል። ነፃነቱ ያስደስተኛል። ነገር ግን የሚያቆመኝ ነገር ስለሌለ መለወጡ ማሻሻል ይሁን መነካካት ብቻ መለየት ይቸግረኛል። ሸክላ ላይ መነካካት ዕቃን ይገድላል። ጠርዙ ካማረ እጅን ማንሣት ነው። ብዙ የጻፋችሁ ሰዎች እጃችሁን መቼ እንደምታነሡ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። ይህን ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ከሸክላ ሠሪዎች መካከል አብዝቼ የማስበው ጸሐፊም የነበረውን ሰው ነው፤ ዴቪድ ድሬክን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና፣ በኤጅፊልድ አካባቢ በባርነት የኖረ ሸክላ ሠሪ ነው። የግዛቲቱ ሕግ ለባሪያ ፊደል ማስተማርን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1834 ከልክሎ ነበር። እሱ ግን ከ100 ሊትር በላይ የሚይዙ ግዙፍ ጋኖችን እየሠራ፣ ጭቃው ሳይደርቅ በትከሻቸው ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ሁለት ሁለት መስመር ግጥም ይጽፍ ነበር። ነሐሴ 1857 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሠራው አንድ ጋን ላይ ዘመዶቹ ሁሉ የት እንደደረሱ ይጠይቃል፤ አያይዞም ለሰው ሁሉና ለሕዝብ ሁሉ ወዳጅነትን ይመኛል። ጋኑ ሥጋና ስብ የሚቀመጥበት የጓዳ ዕቃ ነው። ሰውዬው እንደ ዕቃ ሊሸጥ የሚችል ሰው ነበር። ጥያቄውን ያሰፈረው ግን በወረቀት ላይ ሳይሆን ጌታው ሊሸጠው እንጂ ሊሰብረው በማይፈልገው ነገር ላይ ነው። ከዚያም እሳት ውስጥ ከተተው። ማንም ሊፍቀው አልቻለም።

ይህን ሳስብ ምን ያህሉ ሸክላ ሠሪ ያለ ስም እንዳለፈ ይታየኛል። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ በሞራቪያ፣ ዶልኒ ቬስቶኒትሴ በተባለ ስፍራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 የተገኘች ከ25 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት የተቃጠለ ሸክላ ቅርጽ አለች። ቁመቷ ከአንድ እጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም፤ ሴት ናት። በጀርባዋ ላይ የጣት አሻራ ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎች የልጅ አሻራ ነው ብለዋል። ልጁ ቅርጹን ሠርቶ ይሁን፣ ወይም ገና ሳይደርቅ ከታላቅ እጅ ተቀብሎ አይቶ ይሁን፣ እኔ ዘንድ ልዩነት የለውም። ጭቃው እርጥብ ሳለ እጁ ላይ ነበር።

እኔም የስኒዬ ጆሮ ታችኛው ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አውራ ጣቴን ተጭኜ የምተወው አሻራ አለ። አንዳንድ ሰው ሳይለሰልስ የቀረ መስሎት ይጠይቀኛል። አይደለም፤ አውቄ የተውኩት ነው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ልባስ ሲቀልጥ አሻራው ጎድጓዳ ውስጥ ወፈር ብሎ ይረጋል፣ ቀለሙም እዚያ ቦታ ላይ ይጠልቃል። ከሥራው ሁሉ ሰው በጣቱ ደጋግሞ የሚነካው ያንን ነው።

እንግዲህ ማን እንደሆንኩ ይህ ነው። የልቦለድ ጸሐፊ የመሆን ሐሳብ የለኝም፤ ግጥምም ማንበብ እንጂ መጻፍ አልመኝም። በየሳምንቱ አንድ የእጅ ሥራ ወስጄ ጭቃ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንዲረዳው አድርጌ እጽፋለሁ። የሚቀጥለው ስለ ማድረቅ ነው፦ ሰፊ ሳህን ጠርዙ ቀድሞ ደርቆ ለምን ወደ ላይ እንደሚነሣ፣ ጠርዙን ብቻ በላስቲክ መሸፈን ለምን እንደሚያድነው። ከዚያ ስለ አፈር ማሸት፣ ከዚያም ስለ ልባስ እጽፋለሁ። አስተማሪዬንም በየጊዜው እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ በቃል ባይመልሱልኝም እጃቸው የሚያደርገውን አይቼ እመዘግባለሁ። ከእናንተ የምፈልገው ምስጋና አይደለም። ጆሮው ስኒውን የሚይዝባትን ቅጽበት አንብባችሁ ጣታችሁ ላይ ምንም ነገር ካልተሰማችሁ ንገሩኝ፤ አንቀጹን አፍርሼ እንደገና እጽፈዋለሁ።