ወዙን ከፎቶው አውጡት፦ የጅማ በርጩማ ስልክ ላይ እስኪዞር

በመጨረሻ ዞረ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ የስሪዲ ሞዴል (ከየአቅጣጫው የሚታይ ዲጂታል ቅርጹ) ድረ ገጽ ላይ ተጭኖ በመካከለኛ ዋጋ ስልክ ላይ በጣት ሲገፉት ሳይንቀጠቀጥ ይዞራል፤ ፋይሉም 1.4 ሜጋባይት ነው። ከአራት ወር በፊት ይኸው በርጩማ የቀለጠ ሻማ ነበር የሚመስለው፤ መቀመጫው የተቦረቦረ፣ እግሮቹ እርስ በርስ የተጣበቁ። በመሃል የተለወጠው ካሜራው አይደለም፣ መብራቱ ነው።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። ፎቶግራሜትሪ ማለት አንድን ዕቃ ከብዙ አቅጣጫ ማንሳትና ሶፍትዌሩ በየፎቶው የሚታዩትን ተመሳሳይ ነጥቦች አዛምዶ ቅርጹን እንዲያሰላ ማድረግ ነው። ተከታታይ ፎቶዎች ቢያንስ 70 በመቶ መደራረብ አለባቸው። በየ10 ዲግሪው አንድ ፎቶ፣ በሦስት ከፍታ፣ ድምሩ 108፤ ከዚያ በርጩማውን ገልብጦ ሌላ 108። የካሜራው ቅንብሮች፣ ማለትም ፎከስ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ሹተር (ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) እና ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን)፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቆለፋሉ። ይህን ማንም ሰው በአንድ ቅዳሜ ይለምደዋል።

ለማዞሪያው 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ኮምፔንሳቶ፣ ከሥሩ አሮጌ የባጃጅ ኩሽኔታ፣ ጠርዙ ላይ በማርከር 36 ጭረት ይበቃል። ዕቃው እየዞረ ከኋላው ያለው ግድግዳ ቆሞ ከታየ ግን ሶፍትዌሩ የቆመውን አምኖ ሁሉንም ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ይሰቀል። ማዞሪያው ላይ ደግሞ የጋዜጣ ቁራጭ ይለጠፍ፤ ከዕቃው ጋር አብሮ ስለሚዞር ለማዛመድ ይረዳል። በርጩማው ሲገለበጥ ጋዜጣውን ቀይሩት። ያው ገጽ በሁለቱም ዙር ከታየ ሶፍትዌሩ በርጩማው በአንድ ጊዜ ቆሞም ተዘቅዝቆም እንዳለ ያስባል። ለዚች ብቻ ሁለት ሌሊት ሄዷል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ወዙ። በርጩማው ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው፤ ሲሠራ ይለሰልሳል፣ ቅባት ይጠጣል፣ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ይበልጥ ይወዛል። ለዓይን ውበቱ ይኸው ነው። ለሶፍትዌሩ ግን ውሸት ነው። የእንጨቱ መስመር ከእንጨቱ ጋር ሲዞር ብልጭታው ግን መብራቱን ጠብቆ ባለበት ይቀራል። ሶፍትዌሩ ብልጭታውን እንደ እውነተኛ ነጥብ ቆጥሮ መቀመጫው ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ጠመኔ ወይም ታልክ ነስንሱበት የሚል ምክር በብዛት ይሰማል። እኔ አልስማማም። ዱቄቱ የተቀረጸው መስመር ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ የእንጨቱንም ቀለም ይበላዋል። ጅማ ሙዚየም ውስጥ እንዳሉት የአባ ጅፋር ዘመን ዕቃዎች ባለ ነገር ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። ሁለተኛው ምክር ደመና ሲሆን ውጭ አንሱ የሚለው ነው። ክረምት ላይ ጅማ ደመና አይቸግርም፤ ነገር ግን ሰፊ ብርሃን ብልጭታውን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም። ግራጫ መጋረጃ ሆኖ እንጨቱን ያደበዝዘዋል።

የሠራው ድርብ ፖላራይዘር ነው፤ ሁለት የብርሃን ማጣሪያ፣ አንዱ መብራቱ ላይ፣ ሌላው ሌንሱ ላይ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መብራቱ ላይ የፖላራይዘር ፊልም ሲደረግ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይወዛወዛል። ከእንጨቱ ገጽ ነጥሮ የሚመለሰው፣ ማለትም ብልጭታው፣ ያንን አቅጣጫ እንደያዘ ይመለሳል። እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ቀለም ይዞ የሚወጣው ግን አቅጣጫው ይበታተናል። ሌንሱ ላይ ያለው ፖላራይዘር ከፊልሙ ጋር 90 ዲግሪ ሲሆን የመጀመሪያውን ይዘጋል፣ ሁለተኛውን ያሳልፋል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የላፕቶፕ ኤልሲዲ ስክሪን ራሱ ፖላራይዝድ ብርሃን ነው የሚያወጣው። ክፍሉን አጨልሙ፣ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርጉት፣ ፊቱ የሚያብረቀርቅ ስኒ አስቀምጡ፣ ስልኩ ካሜራ ላይ የፖላራይዝድ መነጽር መስታወት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ብልጭታው ጥፍት ይላል። ለበርጩማ ግን የስክሪን ብርሃን አይበቃም።

ፊልሙን ከተሰበረ ኤልሲዲ ቴሌቪዥን ማግኘት ይቻላል፤ መርካቶ አካባቢ ያሉ ጠጋኞች ፓነሉን የሚጥሉት ነው። ፊልሙ የተጣበቀው መስታወቱ ላይ ነው። በፀጉር ማድረቂያ እያሞቃችሁ ከማዕዘኑ ቀስ ብላችሁ ላጡት፤ መስታወቱ ስስ ስለሆነ ያለ ጓንትና መነጽር አትንኩት። ከመቁረጣችሁ በፊት ሙሉው ፊልም ላይ በማርከር ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ቀስቶች ሳሉ። ይህን የዘለለ ሰው ቁራጮቹን አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ይለጥፍና የአንዱ መብራት ብልጭታ ሲጠፋ የሌላው ይበራል። ቲኤን የሚባሉት የኤልሲዲ ስክሪኖች ፊልማቸው 45 ዲግሪ ዘንበል ያለ ነው፤ አይፒኤስ የሚባሉት ግን ቀጥ ወይም አግድም ነው። ከሁለት የተለያዩ ስክሪኖች የተገኘን ፊልም አትቀላቅሉ።

የመደራረቡ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፦ መብራት፣ ከዚያ ማለስለሻ፣ ከዚያ ፊልም። ከፊልሙ በኋላ ነጭ ላስቲክም ሆነ ጨርቅ ካስገባችሁ ብርሃኑ እንደገና ይበታተንና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፤ ሃሎጅን ፊልሙን ያኮማትረዋል። ሌንሱን ስታስተካክሉ አንድ መብራት ብቻ አብሩ፣ የሚያብረቀርቅ ስኒ ማዞሪያው መሃል አስቀምጡ፣ ብልጭታው እስኪጠፋ ፖላራይዘሩን አዙሩ፣ ከዚያ አትንኩት። ያንን አጥፍታችሁ ሁለተኛውን አብሩ። ብልጭታው ከታየ የሚዞረው ሌንሱ ሳይሆን ሁለተኛው ፊልም ነው።

ዋጋው ብርሃን ነው። ሁለቱ ፖላራይዘሮች ተደምረው ሦስት ስቶፕ ያህል ይበላሉ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፤ 1/30 ሰከንድ ይበቃ የነበረው 1/4 ይፈልጋል። ስለዚህ ትራይፖድና የሁለት ሰከንድ ታይመር ግዴታ ናቸው፤ አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11። ከመስኮት ወይም ከበር ሥር የሚገባ ብርሃን ፖላራይዝድ ስላልሆነ ወዙን መልሶ ያመጣዋል፤ ስለዚህ ሥራው የማታ ነው። ማታ ደግሞ መብራት ይሄዳል። በባትሪ የሚሠሩ ኤልኢዲዎች ቢኖሩ ይመረጣል፤ በ216 ፎቶ መሃል መብራት ሄዶ ሲመለስ ማዞሪያው ስንት ላይ እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። በየአሥሩ ጭረት ቁጥር መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

የስክሪን ፊልም ጥቂት ቀለም አለው፣ ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደላል። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የቀለም ማስተካከያ ግራጫ ካርድ አስገቡና በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ። በዓይን አስተካክለዋለሁ የሚል ሰው የዋንዛውን ቀለም ወደ ጽድ ይለውጠዋል።

የማይሠራበትም አለ። ብረት ብርሃኑን ወደ ውስጥ ስለማያስገባ በድርብ ፖላራይዘር ሲነሳ ጥቁር ይሆናል። ነጭ ስኒ ላይ ደግሞ ብልጭታው ሲጠፋ ሶፍትዌሩ የሚይዘው ነጥብ ያጣል። ለስኒ ፎቶግራሜትሪን እርሱት፦ ከጎን አንድ ፎቶ አንሱ፣ ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ሶፍትዌር ውስጥ የጎኑን መስመር ሳሉ፣ መስመሩን አዙሮ ቅርጽ በሚያወጣው ስክሩ ሞዲፋየር አዙሩት። ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ የተሻለም ይመስላል።

ለስሌቱ ሜሽሩም የሚባለው የፎቶግራሜትሪ ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ለሙሉው ሥራ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። የሚወደድለት ነገር የጨረሰውን ደረጃ ማስቀመጡ ነው፤ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከዚህ በኋላ የሚወጣው ሞዴል ወዝ የሌለው፣ እንደ ሸክላ የደረቀ በርጩማ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ደንግጠው ያለ ፖላራይዘር ወደ ማንሳት ይመለሳሉ። ስህተት ነው። ፎቶው ውስጥ የገባ ብልጭታ በርጩማው ሲዞር እንደ ፈሰሰ ቀለም አብሮ ይዞራል። ወዝ የፎቶው ሳይሆን የማቴሪያሉ (ገጹ ብርሃን እንዴት እንደሚመልስ የሚወስነው የሞዴሉ ቅንብር) ሥራ ነው፦ ሜታሊክ (ብረትነት) 0፤ ራፍነስ (ሻካራነት፣ ሲያንስ ይበልጥ ያብረቀርቃል) መቀመጫው ላይ 0.3፣ ጠርዙ ላይ 0.45፣ እግሮቹ ላይ 0.6 አካባቢ። የት የት እንደሚወዛ ለማወቅ ካሜራውን ሳትነኩ በአንድ ኤክስፖዠር (በአንድ ዓይነት የብርሃን መጠን) ሁለት ፎቶ አንሱ፣ አንዱን ብልጭታው ጠፍቶ፣ ሌላውን ፖላራይዘሩን 90 ዲግሪ አዙራችሁ። በፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር በዲፈረንስ ሌየር አንዱን ከሌላው ስትቀንሷቸው የሚቀረው በአመዛኙ ወዙ ነው። የተቀመጠው ሰው ቅርጽ ሳይቀር እዚያ ላይ ይታያል።

የድረ ገጹን ክፍል አላስረዝመውም። የአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ፎቶዎችና የስሪዲ ሞዴሎችን በነጻ ከለቀቀ ወዲህ ማወዳደሪያ ሞልቷል፤ ነገር ግን በሞባይል ዳታ የሚከፍተውን ሰው አስቡ። የሞዴሉ ገጽ የሚገነባው ከትናንሽ ትሪያንግሎች ነው፤ ሚሊዮኖች የነበሩትን ወደ 30 ሺህ አውርዱ፣ የጠፋውን ዝርዝር ኖርማል ማፕ (ጉብታና ጎድጓድን በብርሃን የሚያስመስል ምስል) ላይ ቤክ አድርጉ፣ ማለትም አትሙት። የቀለም ቴክስቸር (ሞዴሉ ላይ የሚለበጠው ምስል) 2048 ፒክስል በጄፔግ ይበቃል፤ ራፍነሱ 1024። ፋይሉን የሚያከብደው ሜሹ (የትሪያንግሎቹ መረብ) አይደለም፣ ቴክስቸሩ ነው። ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ 40 ኪሎባይት የሆነ ፎቶ ይታይ፤ ሞዴሉ ሰው ሲነካው ብቻ ይውረድ። ጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ገጹ እንጂ በርጩማው አይንቀሳቀስ፤ ወደ ጎን ሲሄድ ብቻ ይዙር። ይህ ካልተደረገ አንባቢው በርጩማው ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ሞዴሉ የሚቀመጥበት ጂኤልቢ ፋይል መለኪያው ሜትር ስለሆነ ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ። እኔ ያለ ማስመሪያ ያወጣሁት የመጀመሪያው ሞዴል በስልክ ካሜራ ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል።

ያልተፈታው ሆዱ ነው። በሦስቱ እግሮች መሃል፣ ከመቀመጫው ሥር፣ መብራት በደንብ አይደርስም፤ ሶፍትዌሩም እግሮቹን ከውስጥ በኩል ያጣብቃቸዋል። ተገልብጦ ሳለ ካሜራውን ከላይ ወደ ታች አዝምሞ 12 ፎቶ መጨመርና ትንሽ ሦስተኛ መብራት ማስገባት ክፍተቱን ቀንሶታል እንጂ አልዘጋውም። ለጊዜው ገጹ ላይ እይታው ከመሬት መስመር በታች እንዳይወርድ ቆልፌዋለሁ፤ በርጩማውን ከሥር ማየት የሚፈልግ ሰው ለጊዜው ጅማ መምጣት አለበት።