ያሰርኳት መስሎኝ ነበር

የካቲት ላይ ነው። ኮሎራዶ፣ አውሮራ፣ ሐቫና ጎዳና ላይ መብራት ይዞኛል። ስልኬን ፍለጋ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ እጄን ስከት አንዲት ቀጭን ብረት ወጣች። ከነቀይ ምልክቷ።

ሴስና 172 የምትባል የትንሽ አውሮፕላን መሪ መቆለፊያ ናት። መገኘት የነበረባት አውሮፕላኗ ውስጥ፣ መሪው ላይ ተሰክታ ነው።

ጠዋት ስበር አየሩ ጸጥ ያለ ነበር። ትንበያውን ያየሁት ለምበርበት ሰዓት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመጣ ማየት ትዝም አላለኝ፤ እኔ ከወረድኩ ምን ቸገረኝ? አሁን ግን ቺኑክ የሚሉት ንፋስ ከሮኪ ተራሮች እየወረደ መኪናዬን ያወዛውዛል። ዞሬ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለስኩ።

ስደርስ የጅራቷ ኢሌቬተር፣ አፍንጫዋን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ወደ ላይ ወደ ታች እየተላተመ ቋ! ቋ! ይላል። ግራ ክንፏ ብድግ ይላል፣ ገመዱ ላይ ሲደርስ ይነጠቃል፣ መልሶ ይወድቃል። ገመዱን ሁለት ስንዝር ያህል አልልቼው ነበር የሄድኩት። ጅራቷንማ ቸኩዬ ጭራሽ አላሰርኩም። ያስቀመጥኩላት ነገር ቢኖር የጎማው ታኮ ብቻ ነው፤ ታኮ ደግሞ መንከባለልን እንጂ መነሳትን አያቆምም።

ባዶዋን 750 ኪሎ ገደማ ናት። ከባድ ትመስላለች። ግን ፍላፗን፣ ከክንፏ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል፣ ከዘረጋች ከ50 ኖት (በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ገደማ) ባነሰ ፍጥነት አየር ላይ መቆየት የምትችል ማሽን ናት። ንፋሱ ከ20 ወደ 40 ኖት ሲያድግ ደግሞ ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው።

እዚያው የሚሠሩ አንድ መካኒክ አሉ፤ ድሮ ደብረ ዘይት አየር ኃይል የነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቀድመውኝ ደርሰው የክንፏን ደጋፊ ብረት ይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ ፍየል ነው ያሰርከው?»

መልስ አልነበረኝም። በሩን ስከፍት ንፋሱ ከእጄ ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረው። ገብቼ መሪውን ቆለፍኩ። ቋ ቋው ቆመ። ጋሼ ገመዶቹን ፈትተው እንደ አዲስ አሰሩ፤ ልልነቱ ሁለት ጣት አይሞላም። ድርቅ አድርገህ ከወጠርከው ክንፉን ይጎዳል፣ ካላላኸው እንዳየኸው ነው አሉኝ። ጅራቷን እኔው አሰርኩ። ቋጠሮዬን ሁለቴ አስፈቱኝ።

ኢሌቬተሩ ማጠፊያው ላይ እስኪፈተሽ ሁለት ቀን ቆመች። ደህና ሆና ተገኘች።

ዛሬም ጋሼ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ያው ነው፦ «ፍየሏ ደህና አደረች?»