ቆጣሪ አንባቢው

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኔ በታች የሚኖሩት እማማ፣ ጣሪያችን ላይ የሞባይል አንቴና ከተተከለ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቆሙኝና "አንተ የፊዚክስ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? ይህ ጨረር ሳይጨርሰን አንድ ነገር አድርግ እንጂ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለ11 ዓመት ስለ ጨረር በጠመኔ አስተምሬአለሁ፤ አንድም ቀን ግን ለክቼ አላውቅም። ስለዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚሠራ ጓደኛዬ ጋይገር ቆጣሪ የሚባል የጨረር መለኪያ ለሁለት ሳምንት ተዋስኩ። ለእማማ "ቆጣሪ አመጣሁ" ስላቸው የመብራት ስለመሰላቸው "የእኔ ምን ሆነ ብለህ?" አሉ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ መሣሪያውን ሳሎናቸው ውስጥ መክፈቴ ነበር። ጠቅ… ጠቅ ጠቅ… ጠቅ። "ይኸው! ሰማኸው?" ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። የትም ብንሄድ ጠቅ ማለቱ እንደማይቀር አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። መሣሪያው ጋዝ የተሞላ ቱቦ ነው። ጨረር በውስጡ ሲያልፍ ከጋዙ አቶም ኤሌክትሮን ይነቅላል፤ ቱቦው ላይ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያንን አንድ ኤሌክትሮን ወደ ናዳ ይለውጠዋል፤ ናዳው አንድ ጠቅታ ነው። በሲሚንቶውና በድንጋዩ ውስጥ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም 40 አሉ፤ ከላይ ደግሞ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር አያቋርጥም። ላጽናናቸው ብዬ በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ብቻ በየሰከንዱ ከ4000 በላይ የፖታሲየም አቶሞች እንደሚፈርሱ ነገርኳቸው። "በእኔ ውስጥ?" አሉ። ማጽናናት አልተካንኩበትም።

ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሳሎናቸው ውስጥ በደቂቃ በአማካይ 24 ቆጥሬ ነበር፤ አንቴናው ሥር 21 ብቻ ሆነ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ወርጄ "አዩ፣ አንቴናው ሥር እንዲያውም ያንሳል" ብል ነገሩ ባለቀ ነበር። ደረጃው መሃል ግን እግሬ ተያዘ። የአንቴና ሞገድ ከአቶም ኤሌክትሮን የሚነቅል ጉልበት የለውም፤ ጋይገር ቆጣሪ ለእርሱ ደንቆሮ ነው። ቁጥሩ የቀነሰው ጣሪያ ላይ እንደ ሳሎኑ በየአቅጣጫው የከበበኝ ኮንክሪት ስላልነበረ ነው። በሚዛን ትኩሳት ለክቼ "ድነዋል" ልል ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ለእማማ ምንም ሳልናገር አለፍኳቸው።

መሣሪያው ግን እጄ ላይ ነውና ከተማውን መዞር ጀመርኩ። ራስ መኮንን ድልድይ ግንብ ላይ አንድ ደቂቃ ቆጥሬ 33 ባገኝ ለጓደኛዬ ደወልኩ፤ "ድንጋዩ ጨረር አለው!" "ስንት ደቂቃ ቆጠርክ?" "አንድ።" ሳቀብኝ። የአቶም መፍረስ ዕድል ነው፤ ወረፋ አይጠብቅም። 25 የቆጠረ ሰው በካሬ ሥሩ ልክ፣ ማለትም በ5 ያህል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት ይችላል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ይህን ለፈተና አውጥቼ ተማሪዎች ላይ ነጥብ ቀንሼበት አውቃለሁ። ተመልሼ 10 ደቂቃ ስቆጥር አማካዩ 26 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከ10 ደቂቃ በታች የቆጠርኩትን አልመዘግብም።

ሜክሲኮ አደባባይም 10 ደቂቃ ቆሜአለሁ፤ ለቁጥሩ ሳይሆን ለስሙ ስል። የሜክሲኮ ዋና ከተማ 2240 ሜትር ላይ ናት፤ እኛ ከዚያ ትንሽ ከፍ እንላለን። እዚያ የሚኖር ሰው ከጠፈር ብቻ በዓመት 0.8 ሚሊሲቨርት (የሰው አካል የሚደርሰው ጨረር የሚለካበት አሃድ ነው) ያህል ይደርሰዋል፤ ባሕር ጠረፍ ላይ የሚኖረው 0.3 ገደማ ነው። ይህ ጨረር ከላይ እንደሚመጣ ያሳየው ቪክቶር ሄስ ነው፤ እንደ ጎርጎርሳውያን በ1912 በፊኛ ከ5000 ሜትር በላይ ወጥቶ። ኖቤል የተሰጠው ደግሞ በ1936፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት። ሜክሲኮ ያን ወረራ አልቀበልም ባትል ኖሮ አደባባዩ ሌላ ስም ይኖረው ነበር።

ሙዝ አልሠራም። ፖታሲየም አለው ሲባል ሰምቼ አንድ ሙዝ ላይ ሩብ ሰዓት ቆጠርኩ፤ ከባዶ ጠረጴዛው አልተለየም። በላሁት።

የሠራው የሰዓት ሠሪው ሰዓት ነው። ቀድሞ ፒያሳ ይሠሩ የነበሩ፣ አሁን ቸርችል ጎዳና አጠገብ ጠባብ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ ከመሳቢያቸው ቁጥሮቹ የወየቡ የእጅ ሰዓት አወጡ። "ድሮ በጨለማ ያበራ ነበር፤ አሁን ሞቷል" አሉ። ቆጣሪውን መስተዋቱ ላይ ባስጠጋው ጠቅታው እንደ ቆሎ ተንጣጣ፤ በደቂቃ ከ600 በላይ። አልሞተም። የሞተው ብርሃኑን የሚሰጠው ዚንክ ሰልፋይድ ነው፤ እርሱን የሚያበራው ራዲየም ግማሽ ለመሆን 1600 ዓመት ይፈልጋል። ወረቀት ጣልቃ ባስገባ ለውጥ የለም፤ ወረቀት የሚያቆመውን አልፋ የተባለ ጨረር ቀድሞ መስተዋቱ ይዞታል። የሻይ ጀበናቸውን የአሉሚኒየም ክዳን ስጋርድ በጣም ቀነሰ፤ ከአልፋ ይልቅ ዘልቆ የሚሄደው ቤታ ጨረር ነው እዚያ የቀረው። አንድ ስንዝር ሳርቀው ደግሞ 70 ላይ ወረደ። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰዓት የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ራዲየም ውጠው የመንጋጋ አጥንታቸው እንደ ተበላ፣ ብዙዎችም እንደ ሞቱ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ስንቱን ከፍቼ አቧራውን እፍ ብዬዋለሁ" አሉ። "ከእንግዲህ እፍ አይበሉ ጋሼ፤ አይክፈቱትም" ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ነፃ የሆነው ነው። የሐምሌ ዶፍ እንዳባራ የጎረቤትን መኪና ጣሪያ በለስላሳ ወረቀት ጠረግሁና ቆጣሪውን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፤ በደቂቃ 60 ገደማ! ከአፈር የሚወጣው የሬዶን ጋዝ ሲፈርስ ልጆቹ፣ ማለትም ከእርሱ የሚወጡት አዳዲስ አቶሞች፣ አየር ላይ ካለ ብናኝ ጋር ይጣበቃሉ፤ ዝናብ ያወርዳቸዋል። ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከተለመደው በላይ የነበረው ትርፍ በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ እራት በልቼ ስመለስ ወረቀቱ ተራ ወረቀት ነበር። ግማሽ ዕድሜን በዐይኔ ያየሁት ያን ማታ ነው።

በመጨረሻ እማማ ዘንድ ሄጄ አመንኩ፤ መሣሪያው የአንቴናውን ሞገድ ጨርሶ እንደማይለካ፣ እርሱን ሌላ መሣሪያ እንደሚለካው።

"ታዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ስትለካ ከረምክ?"

"ግድግዳዎን፣ ሰማዩን፣ ዝናቡን።"

"ያን ራጅ የተነሣሁ ጊዜ የገባብኝስ?"

"ራጅ እንደ አምፖል ነው፤ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል፤ ውስጥዎ የቀረ ጨረር የለም።"

አንቴናው እንዲለካላቸው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። ፈርመው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው "የእኔን ሳሎን ግን ሃያ አራት ነው ያልከው?" አሉ። አዎ አልኳቸው። "የላይኛዋስ ስንት ወጣላት?"