ተርማል ፓድ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ቁጥሩን ተዉና ውፍረቱን እዩ

አምፕሊፋየር ከልክ በላይ ሲሞቅ ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣው ምክር አንድ ነው፦ «የድሮውን ማይካ ጣለውና ጥሩ ተርማል ፓድ አድርግበት።» ማይካ በትራንዚስተሩና ሙቀቱን በሚያስወጣው ብረት (ሂትሲንክ) መካከል የሚገባ፣ ሙቀት አሳልፎ ኤሌክትሪክ የሚከለክል ስስ የማዕድን ቅጠል ነው፤ ተርማል ፓድ በዚያው ቦታ የሚገባ ለስላሳ ንጣፍ ነው። እኔም ሥራውን የጀመርኩት ይህን ምክር ይዤ ነው። ውጤቱ ግን ትራንዚስተሮቹ ከበፊቱ ብሶባቸው መጋላቸው ሆነ። ዛሬ ይኸው አምፕሊፋየር በእጄ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ረግቶ ሠርቶ አያውቅም፤ እዚህ የደረሰው ግን ፓዶቹን አውጥቼ ከጣልኩ በኋላ ነው። በሙያው ያለ አንድ ሰው ቀድሞ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባልመጣ ነበር። ስለዚህ እኔ ላስጠንቅቃችሁ።

ማሽኑ ክላስ ኤቢ የሚባለው የተለመደ የአምፕሊፋየር ዓይነት ነው። በእያንዳንዱ ቻናል ስፒከሩን የሚነዱ ሁለት ጥንድ ትልልቅ አውትፑት ትራንዚስተሮች አሉት፤ የኃይል መስመሮቹ ፕላስና ማይነስ 50 ቮልት አካባቢ ናቸው። ፋብሪካው በማይካው ላይ የቀባው ነጭ ሙቀት አስተላላፊ ግሪስ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ አልቆ እንደ ኖራ ደርቋል፤ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ሙቀቱ ያሳሰበኝ ለትራንዚስተሮቹ ብቻ አልነበረም። አጠገባቸው የቆሙት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች የአካባቢያቸው ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አምፕሊፋየር ለዓመታት እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ሙቀቱን ችላ ሊል አይችልም።

የተለመደውን ሥራ ባጭሩ ልለፈው። ሶኬቱን ነቀልኩ፤ የትልልቆቹን ካፓሲተሮች ቻርጅ በሬዚስተር አፈሰስኩ፤ ከ1 ቮልት በታች መውረዱን በመልቲሜትር አረጋገጥኩ፤ ፎቶ አነሳሁ፤ የትኛው ትራንዚስተር የት እንደነበር ጻፍኩ፤ ሊዱን መጥጬ አወጣኋቸው፤ የደረቀውን ግሪስ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠረግሁ። ካፓሲተሩን በካቻቪቴ ሾርት አድርጋችሁ አታፍስሱ፤ ብልጭታው ካቻቪቴውንም የካፓሲተሩንም እግር ይበላል። በጣም አሮጌ ዕቃ ከፍታችሁ ከትራንዚስተሩ ሥር ነጭ ሴራሚክ ካገኛችሁ ደግሞ አትስበሩት፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፍጉት። አንዳንዱ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

አሁን ወደ ፓዱ እንምጣ። ማሸጊያው ላይ በትልልቅ ፊደል «6 ዋት በሜትር በኬልቪን» ተብሎ ተጽፏል። የሸጠልኝ ሰው ለትራንዚስተር እንደሚሆን ጠይቄው ያለማመንታት «አዎ፣ ከማይካ በአሥር እጥፍ ይበልጣል» አለኝ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ የማይካ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም 0.6 አካባቢ ነው፣ 6 ለ0.6 ሲካፈል አሥር ይሰጣል። ያልነገረኝ ግን ዋናውን ነው። ያ ቁጥር የቁሱ ጠባይ እንጂ የቁራጩ አይደለም። በትራንዚስተሩና በሂትሲንኩ መካከል የሚቆመው እንቅፋት የሚለካው ውፍረቱ ለዚያ ቁጥርና ለስፋቱ ብዜት ተካፍሎ ነው። በእኔ ትራንዚስተር ልክ ስፋቱ 3.2 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የማይካው ውፍረት 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ ስሌቱ በአንድ ዋት 0.26 ዲግሪ ይሰጣል። የፓዱ ውፍረት ግን 1 ሚሊሜትር ነው፣ ማለትም ከማይካው ሃያ እጥፍ፤ ስሌቱ 0.52 ይሆናል። አሥር እጥፍ የተሻለ የተባለው ዕቃ በተግባር በእጥፍ የባሰ ነው! ውፍረቱ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ግን ጥግ ላይ፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ። አንድ ትራንዚስተር 30 ዋት ሲያቃጥል በማይካው የ8 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል፤ በፓዱ ወደ 16 ይጠጋል። ይህም ፓዱ በትክክል ተጭኖ ከተቀመጠ ነው።

ተጭኖ አይቀመጥም። ሁለተኛው ጣጣ ይህ ነው፣ ስለዚህም ማንም አልነገረኝም። እነዚህ ለስላሳ ወፍራም ፓዶች የተሠሩት ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ቺፕና ክዳን ሳይነካኩ ሲቀሩ መሃላቸው ይገባሉ። አውትፑት ትራንዚስተር ግን በአንድ ብሎን የሚታሰር ነገር ነው። ብሎኑን ሳጠብቅ ፓዱ በብሎኑ በኩል ሰመጠ፣ በእግሮቹ በኩል ደግሞ ትራንዚስተሩ ቀና አለ። ከጎን በባትሪ መብራት ሳይ በታችኛው ጠርዝ በኩል ቀጭን የብርሃን መስመር ያልፍ ነበር። ሙቀቱን የሚያመነጨው ሲሊከን ያለው ከብሎኑ ቀዳዳ ሥር ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በትክክል ፓዱ ባልተጫነበት በኩል ነው። «ጠበቅ አድርገው» የሚለው ምክር ደግሞ ይባስ ያጋድለዋል። በማግስቱ ብሎኖቹን ስነካቸው ላልተው አገኘኋቸው፤ ፓዱ በሙቀት እየተለመጠ ሄዶ ነበር። በሂትሲንኩ ላይም ከፓዱ የወጣ የሲሊኮን ዘይት ወዝቷል።

ታዲያ መባሱን በምን አወቅኩ? በእጅ በመንካት አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ሂትሲንኩን ነክቶ «ቀዝቅዟል፣ ፓዱ ሠርቷል» የሚል ሰው ምንም አልለካም። ትራንዚስተሮቹ የሚያቃጥሉት ዋት ካልተለወጠ ሂትሲንኩ ከረጋ በኋላ የሚደርስበት ሙቀት ያው ነው፤ ፓድ ቀየርክም አልቀየርክም ያ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው በሂትሲንኩ በኩል ነው። ፓዱ የሚወስነው ትራንዚስተሩ ከሂትሲንኩ ምን ያህል በላይ እንደሚሞቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚለካው ልዩነቱ ነው። አንድ ተርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) በትራንዚስተሩ የፕላስቲክ ፊት ላይ ሙቀት በሚችል ካፕተን ቴፕ አጣበቅኩ፤ ሌላውን ከአጠገቡ ሂትሲንኩ ላይ። ብረቱን ክፍል አትንኩ፤ ከኮሌክተሩ (ከትራንዚስተሩ ሦስት እግሮች ከአንዱ) ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሙሉው 50 ቮልት አለበት። በስፒከር ፈንታ የ8 ኦም ትልቅ ሬዚስተር አገናኝቼ አንድ ዓይነት ድምፅ በአንድ መጠን ለቀቅኩ። ከመቀየሩ በፊት፣ በዚያ በደረቀው ግሪስ እንኳ፣ ትራንዚስተሩ 61፣ ሂትሲንኩ 52 ዲግሪ ነበሩ። በአዲሱ ፓድ ሂትሲንኩ 53፣ ትራንዚስተሩ 74። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው ይህን ቁጥር ሳሳየው «ፓዱ እስኪለምድ ነው» አለኝ። ፓድ የሚለምደው ነገር የለም። ያ መልስ እስካሁን ያናድደኛል።

ከሙቀቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ባያሱ ነው፤ ባያስ ማለት ድምፅ በሌለበት ጊዜም በአውትፑት ትራንዚስተሮቹ ውስጥ የሚያልፈው ትንሽ ከረንት ነው። በኤሚተር ሬዚስተሮቹ ላይ (ከትልልቆቹ ትራንዚስተሮች ኤሚተር እግር ጋር የተገናኙት ናቸው)፣ 0.22 ኦም ናቸው፣ 15 ሚሊቮልት ላይ አስተካክዬው ነበር፤ ወደ 70 ሚሊአምፔር የሚጠጋ ማለት ነው። ከጥቂት ጊዜ ሥራ በኋላ መልቲሜትሩ 20 አለ፣ 25 አለ፣ 31 ደረሰ። ድምፁን ዘግቼም ወዲያው አልወረደም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር ለመከፈት የሚፈልገው ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ዲግሪ በ2 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ይህን የሚያካክሰው ሂትሲንኩ ላይ የታሰረች አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር ናት። እሷ የምታየው የሂትሲንኩን ሙቀት ነው። በወፍራም ፓድ ትልልቆቹን ከሂትሲንኩ ስታርቋቸው እሷ 53 ዲግሪ እያየች እነሱ 74 ላይ ይነዳሉ፤ ባያሱን አትቀንስላቸውም። ባያሱ ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል፣ ሙቀቱ መልሶ ባያሱን ይጨምራል። በዚሁ ቢቀጥል መጨረሻው የተቃጠለ ትራንዚስተር፣ ምናልባትም የተቃጠለ ስፒከር ነው። መልቲሜትሩን ከኤሚተር ሬዚስተሩ ሳልነቅል መቆየቴ አዳነው፤ በዚህ ጥንቃቄዬ እኮራለሁ። ፓድ ቀይራችሁ ወዲያው ክዳኑን የምትዘጉ ከሆነ ይህን አታዩትም።

ከዚያ ሁሉንም አወጣሁና አዲስ ማይካ ገዛሁ። አሮጌ ነገር ነው የሚለውን አትስሙ። በስስ ግሪስ የተቀባ 0.05 ሚሊሜትር ማይካ ዛሬ ከሚሸጠው ወፍራም ፓድ አብዛኛውን ያስከነዳል። የተሻለ ከፈለጋችሁ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ አለ፤ አቅሙ 25 አካባቢ ስለሆነ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረውም ስሌቱ 0.13 ገደማ ነው። ግን ሂትሲንኩ ፍጹም ለጥ ያለ ካልሆነ ብሎን ሲጠብቅ ይሰነጠቃል፤ የእኔው ለጥ ያለ ስላልነበር ተውኩት። ሰዎች ሳይለዩ አንድ ላይ የሚጠሯቸው ቀጫጭን ግራጫ የሲሊኮን ፓዶችም አሉ። 0.23 ሚሊሜትር ውፍረትና 0.9 አቅም ያለው ተራው ዓይነት በአንድ ዋት 0.8 ዲግሪ ይሰጣል። ፋብሪካዎች የሚወዱት ግሪስ መቀባት ስለሚያስቀርላቸው ነው፤ በቤቱ ራሱ ለሚጠግን ሰው ምንም ጥቅም የለውም። የእናንተ ማሽን ከፋብሪካ በዚህ የመጣ ከሆነ በእርግጥ መቀየሩ ያዋጣል፤ ወደ ማይካ።

ሲገጠም ሁለት ሦስት ነገር በጣም ወሳኝ ነው። በሂትሲንኩ የብሎን ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ጣት የማይለየው የብረት ሹል ሊኖር ይችላል፤ ማይካውን ይበሳል። በጥፍሬ ሳይሆን በጥጥ ነው የፈለግሁት፤ ጥጡ የያዘበት ቦታ ሹል አለ። በብርጭቆ ወረቀት አለዘብኩትና ብናኙን ሙልጭ አድርጌ ጠረግሁ። ግሪሱ በማይካው በሁለቱም ፊት ይቀባል፣ ግን ማይካው በሥሩ እስኪታይ ድረስ ስስ ሆኖ። ለኮምፒውተር የሚሸጠውን ብር ያለበት ፔስት አትጠቀሙ። እንደ ፔስት የሚሸጠውን ፈሳሽ ብረትማ ከአሉሚኒየም ሂትሲንክ አጠገብ አታድርሱት፤ ውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የብሎኑን ፕላስቲክ ሮንዴላ አትርሱ፤ ትራንዚስተሩ ቀዳዳው በብረት የተከበበ ዓይነት ከሆነ ያለ እሱ ማይካው ምንም አያደርግም፣ ብሎኑ ራሱ ሾርት ያደርገዋል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ ብሎኑን እሰሩ፣ በመጨረሻ እግሮቹን በካውያ በይዱ። ብዙዎች ቦርዱ ላይ በይደው ከዚያ በብሎን ይጎትቱታል። ያን ጊዜ እግሩ ተወጥሮ ይቀራል፣ በሙቀት እየተለጠጠና እየተሸበሸበ ብየዳው ይሰነጠቃል፤ ከዓመት በኋላ አንድ ቻናል ሲንኮሻኮሽ ምክንያቱን ማንም አያገኘውም። ከመበየድ በፊት ደግሞ በኮሌክተሩና በሂትሲንኩ መካከል ምንም መንገድ አለመኖሩን በመልቲሜትር እዩ፤ መልቲሜትሩ ጥቂት ኪሎ ኦም እንኳ ካሳየ ፈታችሁ እንደገና ሥሩ።

የመጀመሪያው ማብራት ሁልጊዜ ከማሽኑ ጋር በተከታታይ በተገናኘ የድሮ ክር አምፖል ይሁን። ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቆያል፣ ትራንዚስተሩ ይተርፋል። ደህና ከሆነ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሠራም።

ባያሱን በተመለከተ ከሰርቪስ ማንዋሉ ጋር አልስማማም። ማንዋሉ ካበራችሁ በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቁና አስተካክሉ ይላል። በ10 ደቂቃ ትልቅ ሂትሲንክ አይረጋም። እኔ ክዳኑን ገጥሜ አንድ ሰዓት ሙሉ አቆየዋለሁ፤ መለኪያ ሽቦዎቹን ቀድሜ አገናኝቼ በክዳኑ ሥር አውጥቻቸዋለሁ። ክዳን ተከፍቶ የተስተካከለ ባያስ ክዳኑ ሲዘጋ ሌላ ነው። ማንዋሉ ከሚለው ቁጥር አልወጣሁም፣ ጊዜውን ብቻ ነው ያረዘምኩት።

በዚያው የ8 ኦም ሬዚስተርና በዚያው ድምፅ ስለካው ሂትሲንኩ 52፣ ትራንዚስተሩ 58 ሆነ። ባያሱም ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ በ15 እና በ17 ሚሊቮልት መካከል ይመላለሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ማሽኑ ለጥቂት ቀን ሞቅ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ብሎኖቹን ደግሜ አየኋቸው፤ ግሪሱ ሲሳሳ ሁለቱ ትንሽ ላልተው ነበር፣ ጠበቅ አደረግኋቸው። እናንተም ክዳኑን ለመጨረሻ ከመግጠማችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ካፓሲተሮቹን እንደገና አፍስሳችሁ።